ብርዱ ከታች ነበር

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዛሬም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተንጠለጠለው የጨርቅ አልጋዬ ወረድኩ። ደረቴ ላብ፣ ጀርባዬ በረዶ። በረንዳው ላይ ቆሜ ራሴን ሰደብኩ፣ ከዚያ ገብቼ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋሁት።

ማታ የደራረብኩትን ልጻፈው፦ ሁለት ጋቢ። አንድ ቡልኮ። ያ ነብር ያለበት ብርድ ልብስ። ሁለት ሹራብ። ሦስት ካልሲ፣ አንዱ የእህቴ። የሱፍ ቆብ። ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስገባ የበረንዳው ምሰሶ ሲጥ አለ። እንደዚያም ሆኖ በረደኝ።

ጀርባዬ የከዳኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ሐኪሙ ዲስክ ነው አለ፣ ኪኒን ሰጠኝ፣ "በደንብ ተኚ" ብሎ ሸኘኝ። በየትኛው ጀርባ? አልጋ ላይ ሞከርኩ። ፍራሹን መሬት አውርጄ ሞከርኩ። ፍራሹ ሥር የበር ሳንቃ አስገብቼ ሞከርኩ። ሁሉም ላይ አንድ ሰዓት እተኛለሁ፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ሕመሙ ይቀሰቅሰኛል። ሰኔ ላይ ትዕግሥት መጣች። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ተራራ ለሚወጡ ሰዎች አስጎብኚ ሆና ትሠራለች። ይህን የጨርቅ አልጋ አምጥታ በበረንዳው ሁለት ምሰሶዎች መሃል አንጠለጠለችልኝ። ሃሞክ ይባላል አለች። እህቴ እትዬ አስናቀች ዥዋዥዌ ነው የሚሉት። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁና ጠዋት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ተኛሁ ብሎ ያለቅሳል? እኔ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ቤት ውስጥ እንዳልሰቅለው ግድግዳችን ጭቃ ነው። አንድ መንጠቆ መትቼ ነበር፣ መንጠቆውም ግድግዳውም ተያይዘው ወረዱ። ስለዚህ በረንዳ ላይ ነኝ። ግቢው ደግሞ ወሬ አግኝቷል፤ ጽጌ እንደ ቋንጣ ተሰቅላ ነው የምታድረው ይባልልኛል።

ቁርስ ላይ ሳልኩ። እትዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"እስከ ጊዮርጊስ ነው። በጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ያንን ዥዋዥዌሽን አወርደዋለሁ።"

ጊዮርጊስ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ስምንት ቀን። ልከራከር አልቻልኩም። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ቃላቸውንም አያጥፉም። ደግሞ ወንድማችንን፣ የትዕግሥትን አባት፣ በዚሁ ቤት በሳንባ በሽታ ሲሞት ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። ሳል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ስለዚህ ወይ በስምንት ቀን ውስጥ ሙቀት አገኛለሁ፣ ወይ ወደዚያ አልጋ እመለሳለሁ። ወደዚያ አልጋ መመለስ አልችልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ቢሮ አንቀላፋሁ። ሥላሴ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ዛሬ የአንድ ጡረተኛ ፋይል ከአዲስ ተቀጣሪዎች ጋር ከትቼ ሰውየው ግማሽ ቀን ቆሙ። ሲገኝ "አይዞሽ የእኔ ልጅ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ! ሌሊት ብርዱ ሲብስብኝ በጎኔ ዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ጀርባዬ መሟሟቅ ጀመረ፣ በምትኩ ወደ ታች የዞረው ጎኔ በረደ። ወደ ሌላው ጎን ዞርኩ፤ እሱም በረደ። እንግዲህ ብርዱ ጀርባዬ ላይ አልነበረም፣ ከታች ነው የሚመጣው! ከሥሬ አንዲት ስስ ጨርቅ ናት ያለችው፣ ከእሷ በታች ነፋስ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እስከዛሬ ሲበርደኝ ከላይ ነው የምደርበው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። አልጋ ላይ ከሥር ያለው ፍራሽ ዝም ብሎ ሲያሞቀን ይኖራል፣ ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ዛሬ አንዱን ጋቢ አራት አጥፌ ከሥሬ አነጥፋለሁ። ጾም ነው፣ ሽሮ በልቼ በጊዜ እገባለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ጋቢው ከዳኝ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ደህና ነበርኩ፣ ይህን አልክድም። ከዚያ ስገላበጥ እየተንሸራተተ ሄዶ እግሬ ሥር ተጠቀለለ። የቀረውም ቢሆን ክብደቴ ተጭኖት እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር። እግሬ ብቻ ሞቆት አደረ።

ጠዋት ለትዕግሥት ደወልኩ። ሰሜን ተራራ ላይ እንግዶች ይዛ ወጥታለች፣ ድምፅዋ ይቆራረጣል።

"አክስቴ፣ ከውስጥ አይደለም! ከውጭ ነው፣ ከሃሞኩ በታች ይንጠለጠላል። አንቺ እንዳትጫኚው። የእኔን እንዳልሰጥሽ እዚህ እየተኛሁበት ነው።"

"ከየት ይገዛል?"

"እዚህ አገር አይገዛም። አሰፊ። ከአንገትሽ እስከ ጉልበትሽ ከደረሰ ይበቃል።" ከዚያ ተቋረጠ።

ከሥራ መልስ ጋሽ ተካ ዘንድ ሄድኩ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ፒያሳ የነበረው ሱቃቸው ከፈረሰ ወዲህ አምስት ኪሎ መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ክፍል ገብተዋል። ፍራሽም ብርድ ልብስም ይሰፋሉ። የጋሽ ተካ ስፌት በጥርስ አይፈታም ይባላል።

አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

"ብርድ ልብሱ ከአልጋው በታች ይንጠለጠላል?"

"አዎ።"

"ሰውየውስ?"

"ሰውየው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ተካ። ከላይ ነኝ።"

"እንቅልፍ ማጣት ያሳብዳል ሲሉ እሰማ ነበር።"

ግን ሜትራቸውን አንስተው ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ለኩኝ። ከማልተኛበት ፍራሽ ግማሹን ጥጥ አውጥቼ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ነገ ማታ ይደርሳል አሉኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ደረሰ! ውብ ነው። ልክ ልኩን አራት ማዕዘን እየሆነ በጥቃቅን ስፌት የተሰፋ፣ ጥጡ ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀ፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተዘመዘመ። ጋሽ ተካ ሲያሳዩኝ በቡጢ መቱትና "ስሚው!" አሉኝ። እውነትም እንደ ከበሮ ይጮሃል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዳሰሱት። "ይሄ ለልጅ ልጅ ይተርፋል" አለች አንዷ።

ከባድ ነው። ተሸክሜው ከአምስት ኪሎ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ስመጣ ጀርባዬ ሁለቴ አስቆመኝ። ዝናቡ ደግሞ አልቀረልኝም።

አራቱን ጫፍ በገመድ ከሃሞኩ ሥር አሰርኩት። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዛሬ ማታ አሳያቸዋለሁ!

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

በረደኝ። ከሁሉም ቀን ብሶ በረደኝ።

እትዬ ለገብርኤል ሲወጡ ወንበሩ ላይ አገኙኝ። ሳሉም አልተወኝም ነበር። አልተቆጡም። "ረቡዕ ጊዮርጊስ ነው" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ያ ቆንጆ ነገር በክብደቱ መሃሉ ላይ ወደ ታች ረግቧል። በእኔና በእሱ መካከል ድመት ታልፋለች። ነፋሱም በዚያው ነው የሚያልፈው። ገመዱን ስቤ ሳስጠጋው ደግሞ እንደ ኮርቻ ደረቀብኝ፤ ይነካኛል እንጂ አያሞቀኝም። የቱንም ያህል ብሞክር ያው ነው።

በጣም ተናድጃለሁ። በጋሽ ተካ፣ በትዕግሥት፣ በሐኪሙ፣ በዝናቡ። ከሁሉ በላይ ግን ፈርቻለሁ። ያንን አልጋ ላለማየት አሁን፣ በቀን እንኳ፣ ወደ ክፍሌ አልገባም። አራት ቀን ቀረኝ።

ሌላ የምጽፈው የለም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ ወጣች፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። እትዬ ትራሳቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ራሴን ጎረበጠኝ ብለው ቀደው ጥጡን አወጡና በጣታቸው ይፈለቅቁ ጀመር። እኔ አጠገባቸው ጎመን እቀነጥሳለሁ።

አንዲት ጭብጥ የምታህል ጥጥ ነበረች፣ ድርቅ ያለች። ሲፈለቅቋት ሲፈለቅቋት ጉልበታቸውን ሁሉ ሸፈነች። አፌን ከፍቼ አየሁ።

"ምን ያስደንቅሻል? ጥጥ ታፍኖ አይሞቅም" አሉኝ። "ካልተባዘተ ድንጋይ ነው። ይሄን እኮ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ አውቀዋለሁ።"

ጎመኑን ትቼ ተነሳሁ።

ጋሽ ተካ ያጨቁት፣ የጠቀጠቁት፣ በቡጢ የመቱት ያ ሁሉ ጥጥ! እኛ አገር ጥሩ ፍራሽ ማለት ጠንካራ ፍራሽ ነው፣ ጥሩ ስፌትም ጥብቅ ስፌት። እኔም እኮ እንደ ከበሮ ሲጮህ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሚተኙበት ነገር ልክ ነው። ይሄ ግን አይተኙበትም። የሚያሞቀው ጥጡ መሃል የተያዘው አየር ነው፣ እኛ ደግሞ አየሩን ደብድበን አስወጣነው።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። መድኃኒቱን የሰጡኝ እሳቸው መሆናቸውን ቢያውቁ የሚሉትን አላውቅም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ከሥራ ወጥቼ ያንን ነገር ተሸክሜ ጋሽ ተካ ዘንድ ገባሁ። "ይፍቱልኝ፣ ጥጡ ይባዘት፣ ከዚያ ላላ አድርገው ይስፉልኝ" አልኳቸው። መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"አርባ ዓመት ስሰፋ ላላ ብሎ የከሰሰኝ የለም። አንቺ ጠበቀ ብለሽ ትከስሺኛለሽ?"

"ስፌቱ ሸጋ ነው ጋሽ ተካ። ግን አይሞቅም።"

"ጀርባሽ ነው የታመመው፣ ስፌቴን ምን አመጣው?"

ነገሩ እዚህ ላይ ደሜን አፈላው። "እንግዲያው ይምጡና ይተኙበት!" አልኳቸው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን የአራዳ ልጅ ናቸው፣ በሰው ፊት ተጠርተው አይቀሩም። ጃንጥላቸውን አነሱ፣ ሱቁን ዘጉ፣ መጡ።

በረንዳው ላይ ጫማቸውን አወለቁ። የልብስ ሰፊው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ያን ነገር ከሥር አስሬላቸው፣ ሃሞኩን ግራና ቀኝ ይዤላቸው ገቡ። አንዴ ሲወዛወዙ ጠርዙን ጨምድደው ያዙና "በስመ አብ!" አሉ። እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ተካ! በስተርጅና!"

"ዝም በይ አስናቀች፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

ጋቢ አለበስኳቸው። ዝናቡ መጣ፣ ነፋሱም ተከትሎ መጣ። አምስት ደቂቃ ያህል ተኙ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ጽጌ፣ መስኮት ተከፍቷል እንዴ?"

"በረንዳ ላይ እኮ ነዎት ጋሽ ተካ።"

"ከታች ነው የሚመጣው።"

"እሱን ነው የምልዎት!"

እጃቸውን ወደ ሥር ሰደዱ፣ የራሳቸውን ስፌት ዳሰሱ፣ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ፊታቸው ላይ ኩራቱ ሲሄድ አየሁት፣ አሳዘኑኝም። "ይሄ ብርድ ልብስ አይደለም፣ ሳንቃ ነው" አሉ በመጨረሻ። "መቀስ አምጪ።"

የመጀመሪያውን ክር ራሳቸው ቆረጡት። ሲቆርጡ ወደ ክሩ ሳይሆን ወደ ግቢው እያዩ ነበር። ነገ ከሰዓት በኋላ እዚሁ መጥተው ሊጨርሱት ተስማማን። ጀርባቸውን በርዷቸው ኖሮ ሲሄዱ እየደጋገሙ በእጃቸው ያሹታል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ከሥራ ስገባ በረንዳው ነጭ ነው። ወለሉ፣ ወንበሩ፣ ደረጃው። መሃል ላይ እትዬ አስናቀች ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው አይታይም፣ ሻሻቸው ላይ ሳይቀር ጥጥ አለ። ጋሽ ተካ ጥግ ይዘው ጨርቅ ይቆርጣሉ፣ እንደተገሠጸ ተማሪ።

"ተካ ጥጥ ማባዘት አይችልም" አሉኝ እትዬ። "ሲያጓጉለው አላስቻለኝም።"

"እትዬ፣ ከመቼ ጀምረው ነው?"

"ከምሳ።" ጣታቸው አላረፈም። "ፈቀድኩ ማለት ግን አይደለም። ነገ ጠዋት ይወርዳል። ሥራ ሲበላሽ ማየት ስለማልወድ ነው።"

እሺ አልኩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጣታቸው ቁርጥማት አለበት፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ለነገ ጠላታቸው ጥጥ ሲያባዝቱ ውለዋል። ልብሴን ሳልቀይር አጠገባቸው ቁጭ አልኩና አብሬ ፈለቀቅሁ።

ጋሽ ተካ በዚህ ጊዜ እዚህም እዚያም ብቻ ወጋ ወጋ አድርገው ሰፉት፣ ጥጡ እንዳይሄድ ያህል። በየስፌቱ ያጉረመርማሉ። "ማን ነው የሰፋው ቢሉሽ ስሜን እንዳትጠሪ።" የውጭውን ፊት ካረጀ የዝናብ ካፖርት ጨርቅ አደረጉት፣ ወጨፎ እንዳያርሰው። ሁለቱን ጫፍ ደግሞ በቀሚስ ወገብ ላስቲክ ሰበሰቡት፣ ሃሞኩን ከግራም ከቀኝም እቅፍ እንዲያደርገውና ነፋስ እንዳይገባ። ይሄ የራሳቸው ሐሳብ ነው። እኔም ትዕግሥትም አልነገርናቸውም።

ግማሽ ክብደቱ እንኳ የለም። በአንድ እጄ ያዝኩት!

ስንሰቅለው ብዙ ተከራከርን። ይጥበቅ፣ ይላላ፣ አንድ ጣት ከፍ፣ አንድ ጣት ዝቅ። እኔ ገብቼ ተኛሁ፣ ጋሽ ተካ ከሥር ተንበርክከው አዩ። "ይንካሽ እንጂ እንዳትጫኚው። ከተጫንሽው ይሞታል" አሉኝ፣ እኔ ትናንት ያስተማርኳቸውን መልሰው ለእኔ።

አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ከላይ አንድ ጋቢ ብቻ እለብሳለሁ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ካልሲ። ይህ የመጨረሻዬ ነው። ጊዮርጊስ፣ የሰፈርህ ልጅ ነኝ፣ አትርሳኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23። ጊዮርጊስ

ሥራ አረፈድኩ።

ተኝቼ ነው ያረፈድኩት! በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ በታክሲ አርፍጃለሁ፣ በዝናብ አርፍጃለሁ፣ በለቅሶ አርፍጃለሁ። በእንቅልፍ አርፍጄ አላውቅም። አለቃዬ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ተኝቼ!" አልኩት፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ። ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ረሳሁ።

በሥርዓት ልጻፈው። ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ሙቀትም ብርድም። አበቃልኝ አልኩ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ከትከሻዬ ሥር ጀምሮ፣ ጀርባዬን፣ ወገቤን፣ ያቺን የምታመኝን ቦታ ራሷን፣ ሙቀት ይዞኝ መጣ። የራሴ ሙቀት ነው፣ ወደ እኔው የተመለሰ። ነፋሱ ሲነፍስ እሰማዋለሁ፣ ግን አያገኘኝም። ቀጥሎ የማስታውሰው የጠዋት ብርሃን ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት። ከጊዮርጊስ የድምፅ ማጉያው ስብከት ይሰማል፣ ቅዳሴው አልቋል፣ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ ማለት ነው! ሦስቴ በጣቴ ቆጠርኩት።

ስወርድ ወገቤ አልጮኸም። ሳል የለም። የሃሞኩ ቋጠሮ እንደታሰረ ነው። በርጩማ ግን ከምሰሶው ሥር ቆሞ ነበር፣ ላዩ ላይም የወጥ ቤት ቢላዋ። ማን እንዳስቀመጠው አውቄያለሁ። ለምን እንዳልተጠቀሙበት ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ቸኮልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ ገብቼ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁ፣ ላለማንቀላፋት ሳይሆን ደስ ብሎኝ። ለጋሽ ተካ ደወልኩ። "እንዴት ሆነ?" ሳይሉ "ስንት ሰዓት?" አሉኝ። አሥራ አንድ ስላቸው ስልኩን ወደ ሰዎቹ አዙረው "አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ!" ሲሉ ሰማኋቸው። ስሜን እንዳትጠሪ ያሉት ሰውዬ።

ማታ ስገባ እትዬ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

"ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ላወርደው ወጣሁ። ተኝተሻል። ሳልሽን ልጠብቅ ብዬ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ቆየሁ። አልሳልሽም። ከዚያ እጄን ከሥርሽ ከተትኩ።"

እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

"ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ትሞቂያለሽ" አሉ። "ወንድማችን በመጨረሻው ሰሞን ምንም ብናለብሰው አይሞቀውም ነበር። ታስታውሻለሽ? እጄን ከጀርባው ሥር እየከተትኩ ነበር የማድረው።"

አስታውሳለሁ። ለስምንት ቀን ስንጣላ የነበረው ስለ ዥዋዥዌ አልነበረም። አንገታቸውን አቅፌ አለቀስኩ፣ እሳቸው አላለቀሱም፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ፈንጠር ብለው ወደ ላይኛው ቋጠሮ ጠቆሙ።

"እዚያ ጋ ገመዱ ተበልቷል። ነገ አዲስ ይገዛ፣ በእንቅልፍሽ እንዳትወድቂ።"

ይወርዳል የሚለውን ቃል አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም።

አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። ከሚያዝያ ወዲህ ባይመሽ እያልኩ የምለምን ሰው ነበርኩ። ዛሬ ሰዓቱ አልሄድ ብሎኛል፣ ለመተኛት ቸኩያለሁ።